ለአንድ ዓይን የተመረጠ ብረት

በ2015 ዓ.ም. ከፋሲካ በኋላ ነው፤ ጆሃንስበርግ ላይ ሙቀቱ አልፎ ብርድ የሚጀምርበት ወቅት። ጠዋት ሱቅ ስንከፍት የመዝጊያው ብረት እጅ ይቆነጥጣል። ባለቤቴ የራሴን ጠመንጃ አሠራለሁ ብሎ የተነሳው ያን ሰሞን ነው።

ቴምቢሳ ውስጥ ስፓዛ አለን። ዳቦ፣ ስኳር፣ ሻማ፣ የስልክ ካርድ የምንሸጥባት አንዲት ክፍል ናት። እግዚአብሔር ይመስገን፣ ልጃችንን አሳድጋልናለች። ባለቤቴ ዓመቱን ሙሉ የሚውለው ከዚያች ሱቅ መስኮት ኋላ ነው። የሚያርፈው በዓመት አንድ ጊዜ፣ ክረምት ሲገባ፣ ከአገር ልጆች ጋር ወደ ሰሜን ወደ አንድ የአደን እርሻ ሲሄድ ነው። አጋዘን ይተኩሳሉ፣ ሮጠው ደርሰው በስመ አብ ብለው ያርዳሉ፣ ሥጋውን ተካፍለው ይመጣሉ። ካልተባረከ እንደማልነካው ያውቃል። እስከዚያ ዓመት ድረስ የሚተኩሰው በእርሻው ጠመንጃ ነበር፣ ተውሶ። የመኖሪያ ፈቃዱ ቋሚ ከሆነ በኋላ ግን የራሱ እንዲኖረው ፈለገ። የጠመንጃ ትምህርቱን ተማረ፣ ፈተናውን አለፈ። እኔም የንስሐ አባታችንን ጠየቅኩ። ለምግብ ከሆነ ኃጢአት የለበትም፣ ጾሙን ብቻ ይጠብቅ አሉኝ።

እኔን ያስፈራኝ ኃጢአቱ አልነበረም። የባለቤቴ ግራ ዓይን አያይም። ከዓመታት በፊት ሰፈራችን ውስጥ ረብሻ ተነስቶ ሱቆች ሲዘረፉ የተወረወረ ድንጋይ አገኘው። ያን ቀን ጎማ በሚነድበት መንገድ መኪናቸውን ነድተው መጥተው ሆስፒታል ያደረሱት አበልጄ ናቸው። ቶኮዛ በሚባል ሩቅ ሰፈር ነበሩ። ስደውልላቸው "መጣሁ" ብቻ ብለው ዘጉ። ብዙ ደም ፈሶት ስለነበር ሐኪሙ በጊዜ አመጣችሁት አለን። ባለቤቴ በሕይወት መኖሩን፣ ቀኝ ዓይኑ መትረፉን፣ እኔ ከእግዚአብሔር ቀጥሎ ከእኚህ ሰው ነው የቆጠርኩት።

አበልጄ የምላቸው የልጄ የክርስትና አባት ስለሆኑ ነው። በአርባ ቀኑ የታቀፉት እሳቸው ናቸው። ከባለቤቴ በዕድሜ ይበልጣሉ፤ እሱ ጋሼ ይላቸዋል፣ እኔ አንቱ እላቸዋለሁ። እሁድ ከቅዳሴ መልስ ማዕዳችን ከእሳቸው ጋር ነው። ወደዚህ አገር እንደመጡ ብዙ ዓመት የሠሩት አደን እርሻ ላይ ስለነበር ጠመንጃ ያውቃሉ፣ የነጮቹንም የአፍሪካንስ ቋንቋ አቀላጥፈው ይናገራሉ። ባለቤቴን አደን ያስለመዱትም እሳቸው ናቸው።

እዚህ አገር ያሉ አዳኞች ያረጀ የጦር ሠራዊት ጠመንጃ ገዝተው ይፈቱታል። እንጨቱን ይጥላሉ፣ አፈሙዙን ይጥላሉ፣ የሚያስቀሩት መሀሉን ነው። አክሽን ይሉታል፤ መቀርቀሪያው ወዲያ ወዲህ የሚልበት፣ ጥይቱ የሚገባበት የብረት አካል። በእሱ ላይ አዲስ አፈሙዝና አዲስ እንጨት ያስገጥማሉ። አዲሱ እያለ አሮጌ ለምን እንደሚፈልጉ አበልጄን ጠየቅኳቸው። የድሮ ወታደር በጭቃም በአቧራም እንዲተኩስበት የተሠራ ብረት እንደማይከዳ፣ ጥይቱን ይዞ የሚያወጣው ጥፍርም ከዛሬዎቹ ሰፊ እንደሆነ አስረዱኝ። ቀጥለው የነገሩኝ ነገር ግን ከሁሉ በላይ ልቤ ውስጥ ገባ። ጥይቱ ሲፈነዳ ያን ሁሉ ኃይል የሚችለው ይኸው ብረት ነው። ተኳሹ ደግሞ ጉንጩን እንጨቱ ላይ አስደግፎ ነው የሚያነጣጥረው። ብረቱ ከዓይኑ ያለው ርቀት ስንዝር ቢሆን ነው። ብረቱ ያልቻለ ቀን እሳቱ ወደ ፊቱ ይመለሳል።

"አልከለክለውም" አልኳቸው። "ብረቱን ግን እርስዎ ይምረጡለት። ያለው አንድ ዓይን ነው።"

"ለራሴ የማልይዘውን አላስይዘውም" አሉኝ። "በክርስትና ልጄ ይሁንብኝ።"

አመሰገንኳቸው። ልቤም አረፈ።

አንድ ቀን ከጀፕስታውን የሱቅ ዕቃ ጭነን ስንመለስ ወደ አንድ የጠመንጃ ነጋዴ ቤት ወሰዱን። ባኪዋን፣ ትንሿን የጭነት መኪናችንን፣ የምነዳው እኔ ስለሆንኩ አብሬ ገባሁ። ነጋዴው መነጽሩን በክር ያንጠለጠለ ሽማግሌ ነው። አረንጓዴ ጨርቅ አንጥፎ ብረቶቹን ደረደረልን። ለእኔ ሁሉም የተሰበረ የውሃ ፓምፕ ነው የሚመስሉት። አበልጄ አንድ በአንድ እያነሱ መቀርቀሪያውን ይስባሉ፣ ወደ መብራቱ ያዞራሉ፣ ውስጡን ያያሉ። አንዱ ከቦሮች ጦርነት ዘመን የቀረ ነበር፤ ቀጭንና ያማረ። እሱን መለሱት። መቀርቀሪያው ከኋላ የሚይዘው ሦስተኛ ጥርስ ስለሌለው ለዛሬ ኃይለኛ ጥይት አይሆንም አሉ። አንዱ የእንግሊዞች ነበር፤ ቃታ ተስቦ ጥይቱ እስኪፈነዳ ያዘገያል ብለው አለፉት። አንዱን ደግሞ የማነጣጠሪያ መነጽር ሊያስሩበት ሲበሱት ቀዳዳው ጠምሞ ተበላሽቷል። በጣታቸው ቀዳዳውን እየነኩ ነጋዴውን ማን ሰካራም ነው የበሳው ብለው ጠየቁት። ነጋዴው ሳቀ፣ ከዚያ ከጠረጴዛው ሥር ጎንበስ ብሎ በጋዜጣ የተጠቀለሉ ሁለት ብረቶች አወጣ።

ባለቤቴ "ቤልጅግ" አለ፣ በሹክሹክታ።

በአገራችን ቤልጅግ የሚባለውን ጠመንጃ የማያውቅ ቤት የለም። ከቤልጅየም ለሠራዊታችን ተገዝቶ የመጣ ነው። እነዚህ ከዓመታት በኋላ እንደ አሮጌ ብረት በጅምላ ተሸጠው ነው እዚህ የደረሱት፤ ነጋዴው የቀሩት እነዚህ ሁለቱ ብቻ ናቸው አለ። አንደኛው ቡናማ ሆኗል፤ ዝገት በልቶት ፊቱ እንደ ብርቱካን ልጣጭ ተበሳስቷል፣ የተቀረጸበትም አይለይም። ሌላው ጥቁር፣ የሚያብረቀርቅ፤ አናቱ ላይ ዘውድ የደፋው አንበሳ መስቀሉን ይዞ ቁልጭ ብሎ ይታያል፣ ከሥሩም የራሳችን ፊደል አለ። በሰው አገር ጠረጴዛ ላይ ፊደሌን ሳነብ ዓይኔ እንባ ሞላ።

አበልጄ ሁለቱንም መረመሩ፣ ሁለቱም ደህና ናቸው አሉ። ያኔ በእርግጥም የሚያውቁት ያንን ብቻ ነበር። ሁለቱ ወንዶች ግን ልባቸው ያለው አንበሳው ላይ ነው። አንተ ውሰድ፣ የለም ጋሼ እርስዎ ይውሰዱ ሲባባሉ ቆዩ፤ እጃቸውን ከጥቁሩ ላይ የሚያነሳ ግን የለም።

በመጨረሻ አበልጄ "ቅርጫ እናድርገው" አሉ።

በበዓል በሬ ተጋርተን ስናርድ ሥጋው በየመደቡ ይከፈልና ዕጣ ይጣላል። ተካፋዩ ሁሉ አንድ ነገር ይሰጣል፤ ስንጥርም ይሁን ጠጠር። የማን የቱ እንደሆነ የማያይ ሰው ይወስድና በየመደቡ ላይ ያስቀምጣል። ያረፈበትን ማንም አይመልስም፤ እግዚአብሔር የሰጠው ነው። እዚህ በማኅበራችን ዕጣውን የምጥለው ብዙ ጊዜ እኔ ነኝ። ያን ቀንም አንቺ ጣይልን አሉኝ። ፊቴን ወደ ግድግዳው አዞርኩ። ባለቤቴ የካፖርቱን ትርፍ ቁልፍ ቆርጦ፣ አበልጄ ከጫማቸው ሥር የተሰካች ጠጠር ነቅለው ለነጋዴው ሰጡት። እሱ ግራ ገብቶት ተቀበለ።

"ሳንጎማ ይዛችሁ ነው የመጣችሁት?" አላቸው። ሳንጎማ የሚሉት የዙሉዎቹን ጠንቋይ ሐኪም ነው።

"ከሳንጎማ ትብሳለች" አሉ አበልጄ። "ይህ ሰው ከርከሮ ተኩሶ ቢመጣ ከነጠመንጃው ከቤት ታስወጣዋለች።"

እየሳቅኩ በስመ አብ አልኩ። ሳላይ ከነጋዴው መዳፍ አንስቼ አንዱን በቀኝ፣ አንዱን በግራ አስቀመጥኩ። ዞሬ ሳይ ጠጠሯ አንበሳው ላይ ነች። ቁልፉ ቡናማው ላይ። ባለቤቴ ፈገግ ለማለት ሞከረ። እሳቸውን እንኳን ደስ አለዎት አለ፣ ቡናማውንም በመዳፉ ደባበሰው። በመንገድ ላይ እግዚአብሔር የሚሆነንን ያውቃል አልኩት። አዎ አለኝ።

ጥቂት ሳምንታት አለፉ። ብረቶቹ ፈቃዳቸው እስኪወጣ እነጋዴው ጋ ነበሩ። አንድ እሁድ ከቅዳሴ በኋላ አበልጄ ከቤተ ክርስቲያኑ አጥር ሥር ጠሩኝ። ብቻዬን። ልጄን በትከሻቸው ተሸክመውታል። ሲያስቡበት እንደሰነበቱ ነገሩኝ። እሳቸው ልጅ የላቸውም፤ ከእሳቸው በኋላ ያንን አንበሳ የሚያየው ማን ነው? እኛ ቤት ቢሆን ግን ልጁ እያየ ያድጋል። ስለዚህ እንለዋወጥ፣ ቡናማው ለእኔ ይበቃኛል አሉኝ።

"ዕጣ እኮ ወድቋል፣ አበልጄ" አልኳቸው።

"በዕጣ የደረሰኝን በፍቅር ብሰጥ ማን ይቆጣኛል? ለእሱ አንቺ ንገሪው። እኔ ብለው እምቢ ይለኛል።"

እውነትም እምቢ ይላቸው ነበር። ባለቤቴ ነውር ያውቃል። እኔ ስለሆንኩ የነገርኩት ግን፣ እኔም እያለቀስኩ ስለነበር፣ እሺ አለ። ያን ቀን ፊቱ ላይ ያየሁትን ደስታ ከልጃችን መወለድ ወዲህ አላየሁም። የአበልጄን ትከሻ ስሜ አመሰገንኩ። ለነጋዴው ደውለው አስለወጡ። ጥሩ ሠሪ ፕሪቶሪያ እንዳለ፣ ሌላ ቦታ እንዳንሄድም አበክረው ነገሩን።

ሰኔ ገባ፣ የሐዋርያት ጾምም ገባ። ባለቤቴ ፕሪቶሪያ ሲደውል ሠሪው ለአደን ወጥቶ እስከ ነሐሴ አይመለስም ተባለ። ነጋዴው በከተማው ምሥራቅ አንድ ሌላ ሠሪ አለ፣ አብዛኛው ሰው የሚሄደው እሱ ጋ ነው አለንና ብረቱን ራሱ አስወሰደልን። ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ በባኪያችን ተከትለን ሄድን። ለአበልጄ አልነገርናቸውም፤ ሲያልቅ እናሳያቸዋለን ብለን ነው።

ሠሪው ትንሽ የሚያነክስ፣ ጠና ያለ ሰው ነበር። የክፍሉን ግማሽ ቶርኖ ይዞታል። ብረቱን ተቀብሎ ወደ መስኮቱ አዞረው፣ አንበሳውን አየ። ከዚያ ገለበጠና ከሥሩ፣ እንጨት የሚሸፍነውን ቦታ፣ በአውራ ጣቱ ዳሰሰው። ቀና ብሎ ባለቤቴን ተመለከተው። ይህ ብረት እዚህ መጥቶ ነበር አለ። ባለቤቴ ሌላ ይሆናል፣ እንዲህ ያለ አንበሳ ያለበት ብዙ ነው አለው። ሰውየው አልተከራከረም። ከመሳቢያው ትንሽ ሞረድ አወጣና አስረዳን። ብረቱ ጠንካራ ከሆነ ሞረዱ መስታወት ላይ እንደሚሄድ ይንሸራተታል። ከለሰለሰ ይነክሰዋል። አንድ ጊዜ ገፋ አደረገው። ነከሰው።

ከጎኑ ሌላ ጭረት ነበረ፣ ጠቁሯል። ሰውየው ጨርቅ ፈሳሽ ውስጥ ነከር አድርጎ ሲጠርገው ጥቁሩ ለቀቀ፣ ከሥሩ ነጭ ብረት ብልጭ አለ።

"ይህቺ የኔ ሞረድ ጭረት ናት" አለ። "ያጠቆርኳት ግን እኔ አይደለሁም።"

ጠመንጃው አንድ ጊዜ እሳት ውስጥ ነበር አለን፤ ምናልባት የተቀመጠበት ቤት ተቃጥሎ። እሳት የብረቱን ጥንካሬ ይበላዋል። ከዚያ የሆነ ሰው አጽድቶ አጠቆረውና አዲስ መሰለ። በትንሽ መብራት ውስጡን አሳየን፤ የመቀርቀሪያው ጥርሶች የሚያርፉበት ቦታ ወደ ውስጥ ሰርጉዷል። በእያንዳንዱ ተኩስ መቀርቀሪያው ትንሽ ትንሽ ወደ ኋላ ይሸሻል፣ አንድ ቀን ቀለሁ ይቀደዳል አለ። ከዚያ በኋላ ያለውን አልተናገረም። የባለቤቴን ግራ ዓይን አይቶ ነው መሰለኝ ያቆመው።

ባለቤቴ ማን እንዳመጣው አልጠየቀም። እኔ ጠየቅኩ። አንድ ያገራችሁ ሰው፣ ረጅም፣ ጢሙ የሸበተ፣ አፍሪካንስ እንደኛ የሚናገር ነው አለ። በእነዚያ ሳምንታት አበልጄ ለማስመርመር ብለው ብረቱን ከነጋዴው ወስደው አምጥተውት ነበር። በዚህ ብረት ምንም እንዳይሠሩ፣ ለነጋዴው እንዲመልሱት ነግሯቸዋል። እሺ ብለው ሄዱ። ቆይተው ሌላ ይዘው መጡ፤ ደህና ብረት፣ ሞረዱ እንኳ አልጨረው።

በአገጩ ወደ ሞርሳው አመለከተ። ቡናማው እዚያ ታስሯል። ዝገቱ ከግማሽ ፊቱ ተጠርጓል፣ አዲስ ረጅም አፈሙዝ ተገጥሞለታል። ለእኛ የወጣው ዕጣ ያ ነበር።

ባኪዋን ስነዳ ባለቤቴ መጀመሪያ ሌላ ሰው ይሆናል አለኝ። ትንሽ ቆይቶ፣ ምናልባት ረስተውት ይሆናል አለኝ። እኔም እንደዚያ ማሰብ ፈልጌ ነበር። ዝም ብቻ ብለው ቢሆን ኖሮ፣ ሰው ያፍራል፣ ሰው ይረሳል እል ነበር። ግን ጭረቷን ፈልጎ፣ ቀለም ገዝቶ፣ ቁጭ ብሎ ያጠቆረ እጅ አለ። ያ እጅ ልጄን ከጥምቀት ውሃ ተቀብሎታል። ቤት ልንደርስ ስንል ባለቤቴ ለማንም እንዳልናገር ለመነኝ። ያን ቀን ባይመጡልኝ ኖሮ ሞቼ ነበር አለ። አውቃለሁ አልኩት። ማታ ሱቅ ውስጥ ዳቦ ለጠየቀችኝ ደንበኛ ሳሙና ሰጠኋት። "ማማ፣ ደክሞሻል" አለችኝ።

እሁድ አበልጄ በወንዶች በኩል እንደወትሯቸው ቆመው አስቀደሱ። ሲያልቅ የልጄን እጅ ይዘው ወጡ። ምሳ የጾም ሽሮ ነበር። ልጁን ጎረቤት ላክሁት። ጸሎት አድርሰው እጃቸውን ወደ ገበታው ሊሰነዝሩ ሲሉ ጠየቅኳቸው።

"ሞረዱ የነካውን ለምን አጠቆሩት?"

የቱ ሞረድ አላሉኝም። እጃቸውን መልሰው ጭናቸው ላይ አኖሩ። ወደ ባለቤቴ አዩ። ባለቤቴ ሽሮውን ነው የሚያየው።

ከዚያ ብዙ ተናገሩ። ሁለቱ ብረቶች የመጨረሻዎቹ ነበሩ፤ በዕድሜያቸው ሌላ ቤልጅግ አያገኙም። በክረምቱ አደን ይዤው እመጣለሁ ብለው ለሰው ሁሉ አውርተው ነበር። እኛን ለመጉዳት አላሰቡም፤ የፕሪቶሪያው ሠሪ አይቶ ይነግራቸዋል፣ ከእሱ አፍ ይስሙት ብለው ነው። ባያይ ደግሞ ባለቤቴን ለስለስ ባለ ጥይት ብቻ እንዲተኩስ ሊመክሩት ነበር። ሠሪው እንዲያይ ከፈለጉ ምልክቱን ለምን እንደሸፈኑ ግን አልነገሩኝም። ጠበቅኳቸው።

"ደግሞ ዕጣውን ያፈረስኩት እኔ ብቻ አይደለሁም" አሉ በመጨረሻ። "እኔ ጠየቅኩ፣ እሺ ያልሽው አንቺ ነሽ።"

"እሺ ያልኩት እርስዎን አምኜ ነው።"

"ተይ እንግዲህ" አለ ባለቤቴ። "ዓይኔን ያተረፉልኝ እሳቸው ናቸው።"

"ያተረፉልህ መልሰው ሊወስዱት ነው?"

አበልጄ እንደተመቱ ሁሉ አንገታቸውን ደፉ። አለቀሱም። አዘንኩላቸው፤ አልዋሽም። ቡናማውን ከነአፈሙዙ እመልስላችኋለሁ አሉ። ባለቤቴ አልፈልገውም አለ፣ ቀስ ብሎ፣ ያለ ቁጣ። ያንን ብረት ባየ ቁጥር እሳቸው ያደረጉትን እንደሚያስብ ገባኝ።

አበልጄ ፊታቸውን ጠርገው፣ እንዲህ ከሆነ አንበሳው ያለበትን ለነጋዴው እንመልሰው፣ ነገሩም እዚህ ላይ ይብቃ አሉ።

"ነጋዴው ምን ያደርገዋል?" አልኳቸው።

"ይሸጠዋል። አንበሳውን ያየ ያገር ልጅ ሳይውል ሳያድር ይወስደዋል።"

ይህን ሲሉ ድምፃቸው ደህና ነበር። ስለ ሱቅ ዕቃ እንደሚያወሩት። እስከዚያች ደቂቃ ድረስ አንድ ጊዜ የተሳሳቱ መስሎኝ ነበር። የሚቀጥለው ሰው ሁለት ዓይን ይኖረው ይሆናል፤ ሚስትም ይኖረው ይሆናል፣ ፊደሉን አንብባ የምታለቅስ።

ምሳውን ሳይቀምሱ ተነሱ። በር ላይ ቆሙ።

"ክርስትና አይፈታም፣ አበልጄ" አሉኝ።

"አይፈታም" አልኳቸው።

ከሄዱ በኋላ ባለቤቴ ገበታውን ራሱ አነሳ። ነገሩን ዳግመኛ አላነሳነውም። ልጁ ከጎረቤት ሲመለስ የት ሄዱ ብሎ ጠየቀ፤ ሥራ አላቸው አልነው።

በማግስቱ ሰኞ ከጸሎት በኋላ ባለቤቴ ሱቅ ሲከፍት እኔ ታክሲ ይዤ ወደ ሠሪው ሄድኩ። ሰውየው ገና ምድጃውን እያቀጣጠለ ነበር። ቅዳሜ እሱ ጋ ትተነው የሄድነውን ብረት እንዲቆርጥልኝ ጠየቅኩት። ለነጋዴው መመለስ እንደምንችል፣ አለዚያም ለግድግዳ ጌጥ የሚፈልግ እንደማይጠፋ ነገረኝ። አይሆንም አልኩት። ብረቱ በስሙ ያለውን ሰው ቃል መስማት አለብኝ ብሎ ለባለቤቴ ደወለ። ስልኩን ወደ እኔ ሲያዞረው ከኋላ የደንበኞች ድምፅ ይሰማል፣ ዳቦ የሚጠይቅ ልጅም አለ። ባለቤቴ "እሷ እንዳለች ይሁን" አለው።

ለፖሊስ ጣቢያም ማስታወቅ ነበረበት። እስኪጨርስ በርጩማ ላይ ተቀምጬ ጠበቅኩ። ቡናማው ከሞርሳው ላይ ወርዶ ጥግ ቆሟል፤ ወደዚያ አላየሁም። ሠሪው የእኛን ብረት አሰረና መጋዙን ያዘ። ማንም መልሶ እንዳይበይደው ጥርሶቹ በሚያርፉበት ቀለበት ላይ መቁረጥ አለብኝ፣ እዚያ ላይ ደግሞ አንበሳው አለ አለኝ። ይቁረጡት አልኩት።

ደህና ብረት ቢሆን መጋዙ ይንሸራተት ነበር። ይህ ግን ገና በመጀመሪያው ስበት ገባ። ብናኙ ከሥሩ ባለው ጋዜጣ ላይ ይወርዳል። ዘውዱን አለፈ፣ አንገቱን አለፈ፣ ፊደሉ ላይ ደረሰ። እኔ በልቤ ጸሎት ልል ፈልጌ ነበር፤ የመጣልኝ ተመስገን ብቻ ነው። ሁለት ሆኖ ሲወድቅ ሰውየው አንዱን ቁራጭ ትወስጂዋለሽ ወይ አለኝ። አልወስድም አልኩት። እጁን ጨብጬ አመስግኜ ወጣሁና ወደ ቴምቢሳ የሚሄደው ታክሲ እስኪሞላ ቆሜ ጠበቅኩ።